ጠጋኝ ያለው ዕቃ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል የልብስ በጀታችንን አሠራር በደንብ ይገልጸዋል። በብዙ ቤት ልብስና ጫማ የክትና የዘወትር ተብሎ ይለያል። የክቱ ታስቦበት፣ ሱቅ ለሱቅ ተዙሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። የዘወትሩ ግን አሮጌው ሲበሳ፣ ብዙ ጊዜም ከሥራ መልስ መንገድ ዳር፣ ኪስ ውስጥ በተገኘው ብር ይሸመታል። በዓመት 15 ቀን ለማይሞላ ጊዜ ለሚደረግ ጫማ 3,000 ብር ሲያወጣ ቅር የማይለው ሰው፣ 300 ቀን ለሚቆምበት ጫማ ከዚያ ግማሹን ሲጠየቅ «ለዚህ ነው ይህን ያህል?» ብሎ ይከራከራል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በዓልና ሠርግ ሰው የሚታይበት ቀን ነው። ይሁን እንጂ በወር ደመወዝ ወይም በቀን ሒሳብ ለሚኖር ሰው፣ በተለይም ቆሞ ለሚውል አስተናጋጅ፣ ጥበቃ፣ መምህር ወይም የታክሲ ረዳት፣ ገንዘቡ የሚፈሰው በዘወትሩ በኩል ነው። በዚያ ላይ የዘወትሩ ሁልጊዜ በጭንቅ ቀን ይገዛል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ የዘወትር ዕቃ በምን ይመረጥ? ሁለት ዓይነት ምክር በየቦታው ይሰማል። አንዱ «ርካሹን ግዛ፣ ሲያልቅ ሌላ ትገዛለህ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውድ ግዛ፣ አንዴ ገዝተህ ትገላገላለህ» ይላል። ሁለቱም ዋጋውን አይተው ዕቃውን የረሱ ይመስለኛል። እዚህ አገር፣ በተለይም በከተማ፣ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሲበላሽ ማን ይጠግንልኛል?» የሚለው ቢቀድም ይሻላል። ይህን ለማሳየት ሦስት ጫማዎችን በሒሳብ እንያቸው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢ በሰፈሩ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። የመጀመሪያው 1,200 ብር የሚያወጣ፣ ላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ጫማ ነው። በአራት ወሩ ላዩ ይላላጣል፤ ለአንድ ወር የተከፈለው 300 ብር ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው 3,000 ብር የሚሸጥ፣ እዚሁ አገር የተሠራ የቆዳ ጫማ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሶል ለማስቀየር፣ ለታኮና ለስፌት በድምሩ 900 ብር ቢወጣበት፣ 3,900 ለ24 ወር ሲካፈል ከ163 ብር አይበልጥም። ሦስተኛው ታዋቂ ምልክት የተለጠፈበት፣ ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ የመሰለ ሶል ያለው የ5,000 ብር ስኒከር ነው። ምቾቱ አይካድም። ነገር ግን ሶሉ ሲያልቅ የሚቀይረው የለም፤ 14 ወር ቢቆይ ለወሩ 357 ብር ያስከፍላል። ከሦስቱ ውዱ ሦስተኛው ነው፤ ከርካሹም ይብሳል። ሁለተኛውን ያዋጣው መሐል ላይ ያለው ዋጋው አይደለም፤ ሊስትሮ እጅ ገብቶ መውጣት መቻሉ ነው።

«አንዴ ውድ ገዝቶ መገላገል» የሚለው ምክር የተወለደው የጠጋኝ ጉልበት ውድ በሆነባቸው አገሮች ነው። እዚያ ሶል ለማስቀየር የሚጠየቀው ገንዘብ አዲስ ርካሽ ጫማ ሊገዛ ስለሚችል፣ ሰው ወይ ይጥላል ወይ ፋብሪካው ራሱ መልሶ የሚያድሰውን እጅግ ውድ ጫማ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላብጦ ነው ያለው። ዕቃው ውድ ነው፤ የእጅ ሥራው ርካሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ልዩነት ሰፍቷል፤ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ጫማ ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል። የሊስትሮና የልብስ ሰፊ ሒሳብም መጨመሩ አይቀርም፣ ማስቲሹም ክሩም ከውጭ ነውና፤ ግን ከሚከፈለው አብዛኛው ጉልበትና ሙያ በመሆኑ ጭማሪው በዚያ ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ ጥገናን የሚቀበል ዕቃ የመረጠ ሰው ገንዘቡን እየተወደደ ካለው ወደ ርካሹ ያዛውራል።

ጫማን ሱቅ ውስጥ ቆሞ መመርመር ይቻላል፣ ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም። በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ ነው፤ መታጠፍ ያለበት እግር በሚታጠፍበት፣ ከጣቶች ሥር ባለው ቦታ ነው። ተረከዙና ጣቱ መካከል እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ ከሆነ ውስጡ ደጋፊ የለውም፤ ቀኑን ቆሞ የዋለ እግር ያንን ማታ ይነግራል። ቀጥሎ የሶሉን ዙሪያ ማየት ነው። ክር የሚይዝ ወፈር ያለ ጠርዝ ካለው፣ ዛሬ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ቢሆንም ሊስትሮ በወስፌና በናይለን ክር ዙሪያውን ሊሰፋው ይችላል። ብዙ ሰው ጫማው ገና አዲስ ሳለ የሚያሰፋው ለዚህ ነው፤ ትክክልም ነው፤ ውኃና ጭቃ ሳይገባበት የተሰፋ ሶል አፉን ከፍቶ ከተሰፋው ይበረታል። ለስላሳ የስፖንጅ ሶል ግን መርፌ አይወድም። ክሩ ራሱ እየቆረጠው ይሄዳል፤ ሳይቀደድም ቢሆን በክብደት ተጨፍልቆ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። የጎማ ሶል ከበድ ይላል፣ ግን ይሰፋል፣ ይለጠፍበታል፣ ታኮው ሲበላ በቁራጭ ይሞላል።

የሶል ነገር ከተነሣ የክትና የዘወትርን ልማድ በቀጥታ የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀላልና ምቹ የሶል ዓይነት ከአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ቀስ በቀስ እየተበላ፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ይህ የሚደርሰው ብዙ በተለበሰው ብቻ አይደለም፤ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ የከረመውም አያመልጥም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው ጫማ «ለሠርግ» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ፣ በሠርጉ ቀን መንገድ ላይ ሶሉ ሲበታተን ሰው ፋብሪካውን ይረግማል ወይም ላኪውን ያማል። ዕቃው ግን የተበላሸው በመቀመጡ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጫማ ያገኘ ሰው ቢለብሰው ይሻላል።

ላዩን በተመለከተ ቆዳና የቆዳ አምሳያ የሚለዩት በአጨራረሳቸው ነው። ሰው ሠራሹ በጨርቅ ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን በመሆኑ፣ በሚታጠፍበት ቦታ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ሲላላጥ ከሥሩ ጨርቁ ይወጣል። ያንን ቀለም አያድነውም፤ ሊስትሮውም ቢሆን ከመጥረግ በቀር የሚያደርግለት ነገር የለም። ቆዳ ሲቧጨር ቀለምና ቅባት ይጠጣል፤ ሲሰፋም ክሩን አጥብቆ ይይዛል። ለመለየት የተቆረጠ ጠርዙን፣ ለምሳሌ ምላሱን ወይም የክር ማስገቢያውን ዳር መመልከት ነው፤ የቆዳ ጠርዝ የተጠላለፈ ጭረት የበዛበት ነው፣ የአምሳያው ግን ከላይ ላስቲክ ከታች ጨርቅ ሆኖ ድርብርቡ ይታያል። የባቲ ፍየል ቆዳ በስሙ ተጠርቶ በዓለም ገበያ በሚሸጥበት አገር ሠራተኛው የሚላላጥ ላስቲክ እየተጫማ መዋሉ የሚያስቆጭ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በመርካቶ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ጫማ ሠሪዎች ሥራቸውን ዘግተዋል፤ የተረፉት ቅርጻቸውንና ጥራታቸውን አሻሽለው ነው ገበያውን መልሰው የያዙት። የእነሱ ጫማ ሌላም ጥቅም አለው። ሶሉም ማስቲሹም ጠጋኙ ከሚገዛበት ገበያ የመጣ ስለሆነ ምትኩ አይጠፋም።

የጥገናን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደው ዕቃ በረባሶ ነው። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ይህ ጫማ የማይበጠሰው ጎማው ውስጥ የጨርቅ ክር ስለተዘረጋበት ነው። ማሰሪያው ሲላቀቅ በሚስማር ይመለሳል፤ የተረፈው ቁራጭም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላ ነገር ይሆናል። በረባሶ አድርጎ ቢሮ መግባት እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ ከባድ ነው፣ ዝናብም አይከላከልም። ግን ከአምስት ሺህ ብሩ ስኒከር ይልቅ ስለ ጥሩ የዘወትር ዕቃ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ወደ ልብስ ስንመጣ የሊስትሮውን ቦታ ልብስ ሰፊው ይይዛል። ሱሪ የሚሞተው በሦስት ቦታ ነው፤ በብልት ስፌቱ፣ በኪሱ አፍና በእግሩ ጠርዝ። በ1860ዎቹ መጨረሻና በ1870ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በአሜሪካዋ ሪኖ ከተማ ይሠራ የነበረ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ የጉልበት ሠራተኛ ሱሪ ኪስ እየተቀደደ ሲያስቸግር በየማዕዘኑ የመዳብ ሚስማር መታበት። የባለቤትነት መብት የሚያስመዘግብበት ገንዘብ ስላልነበረው ጨርቅ ለሚያቀርብለት ሌቪ ስትራውስ ጻፈለት፤ በ1873 ፈቃዱን በጋራ አወጡ፤ ዛሬ ጂንስ የምንለው ከዚያ መጣ። የዴቪስ ብልሃት ጨርቁን ማወፈር አልነበረም፤ የሚበጠስበትን ነጥብ ለይቶ እዚያ ላይ ማጠንከር ነው። ያንኑ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ያለ ሚስማር ይሠራዋል። አዲስ ሱሪ ተገዝቶ ሳይለበስ የብልቱን ስፌት በድጋሚ ማስመታት፣ የኪሱን ማዕዘን በጥቅጥቅ ስፌት ማሰር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሲገዛም ልብሱን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ከስፌቱ ውጭ የተረፈው ጨርቅ አንድ ጣት ያህል ከሆነ ልብሱ ሊሰፋና ሊለቀቅ ይችላል፤ ጫፉ ላይ ተቆርጦ የተጠለፈ ከሆነ አንዴ ከተተረተረ መያዣ የለውም። የሸሚዝ ኮሌታም ሲበላ ተፈትቶ ተገልብጦ ይሰፋ ነበር፤ ይህን የሚያውቁ ሰፊዎች አሁንም አሉ፤ አንድ ሸሚዝ ላይ ብዙ ወራት ይጨምራል።

ጨርቁ ራሱስ? ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ከአየር ይይዛል፤ ሱፍ ወደ 16 በመቶ ይደርሳል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላም። በተግባር ሲታይ ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ግን አይደርቅም፤ ፖሊስተር ታጥቦ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ ላብና ሽታ ግን ቆዳ ላይ ይተዋል። ለዘወትር የሁለቱ ቅልቅል የሥራ ልብስ ሆኖ የቆየው በዚህ ነው፤ አይጨማደድም፣ መታጠብ ይችላል። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፤ ብየዳ፣ ምድጃ ወይም የእሳት ፍንጣሪ ባለበት የሚሠራ ሰው ንጹሕ የጥጥ ካኪ ይልበስ። ጥጥ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም፤ ፖሊስተር ግን በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለብርዱ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ጠዋት ተንቀጥቅጦ ቀትር ላይ ማላብ የተለመደ ነው። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመግዛት ቀጭን ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ላዩን መደረብ ይሻላል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቀራል። ጃኬት ብዙ ጊዜ ጨርቁ ሳይነካ በዚፑ ይሞታል። የዚፑ መጎተቻ ብረት ከሆነና ጥርሱ ደንደን ካለ፣ መጎተቻውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከጃኬቱ ጋር እንዳለ የተቀበረ ስስ የናይለን ዚፕ ሲሆን ሙሉውን መተርተር ይጠይቃል። የጃንጥላና የቦርሳን ነገር በአጭሩ ካየነው እንዲሁ ነው፤ የጃንጥላው አጥንት ብሎን ወይም ሽቦ ባለው መገጣጠሚያ የተያዘ ይሁን፤ የቦርሳው ማንገቻ ቢያንስ በአራት ማዕዘን ስፌት ተጠላልፎ የተመታ ይሁን።

ሳልባጁን ሳያነሡ የሠራተኛ ልብስ ማውራት አይቻልም። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቦንዳው ግን በኮንትሮባንድ እየገባ በየገበያው ይፈታል። የሕጉ ሐሳብ ለአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ መከለል ነው፤ ተመሳሳይ ሙግት በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም አለ። ሩዋንዳ ቀረጡን ከፍ አድርጋ ልባሽ ጨርቅን ለማስወጣት ስትወስን፣ በ2018 (በፈረንጆች) አሜሪካ ለሩዋንዳ አልባሳት የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አግዳለች። በዚህ ክርክር የሠራተኛውን ድምፅ የሚሰማ ብዙ አይደለም። ሳልባጅ ለገዢ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ ልብሱ ታጥቦ ተፈትኗል። የሚጨማተር ከሆነ ተጨማትሯል፣ የሚለቅ ቀለም ካለው ለቅቋል፣ ስፌቱም የሚተረተር ቢሆን ተተርትሮ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አዲስ ልብስ አይሰጥም። «ንጽሕናውስ?» የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ስለሆነ፣ ልብሱ ሳይለበስ ከ54 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቅ ውኃ መታጠብና ስፌት ስፌቱ በካውያ መተኮስ አለበት። ጫማ ግን ሳልባጅ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የፖሊዩሬቴኑ ዕድሜ ከቦንዳው በፊት ጀምሮ እየተቆጠረ ነውና።

አሁን ዋናዎቹን ተቃውሞዎች ልጋፈጥ። አንደኛው «የተጠገነ ልብስ ለብሶ ማን ያከብራል?» የሚል ነው። ይህ ከንቱ ኩራት አይደለም፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው በመልኩ ይመዘናል። ነገር ግን በአንድ ቀለም ክር የተሰፋ ሱሪና ቀለም ጠጥቶ ያበራ ቆዳ ጫማ ከተላላጠ አዲስ ጫማ ይልቅ ያስከብራል። አለመከበር የሚመጣው ካልተጠገነ ነገር ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «3,000 ብር ከየት ይምጣ?» የሚለው ነው። ዛሬ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው በሁለት ዓመት የሚያተርፈውን ሒሳብ ቢያውቅም አይበላውም። መልሱ ግን አገር ውስጥ አለ፤ ዕቁብ የተፈጠረው በትንሽ በትንሹ የሚገባ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወፍሮ እንዲወጣ ነው። አሥር የሥራ ባልደረቦች በወር 300 ብር ቢጥሉ፣ በየወሩ አንዱ የሁለተኛውን ጫማ ዋጋ ይዞ ይወጣል። መጣያው በየአራት ወሩ ለርካሹ ጫማ ሲከፈል ከነበረው ጋር በወር ሲሰላ እኩል ነው። ዕጣው የዘገየበት ሰው እስከዚያ ድረስ ርካሽ ነገር መግዛቱ ግድ ነው፤ ያን ጊዜም ከ1,200ው ላስቲክ ይልቅ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ገዝቶ ያሰፋ፤ ሸራ ይታጠባል፣ ይጣፋል፣ ይጠለፋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ «ለምን እኔ እከፍላለሁ?» የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ለሠራተኛው ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ስለዚህ በፋብሪካም ሆነ በግንባታ የሚሠራ ሰው የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ፣ ጓንትና የራስ ቆብ ከራሱ ኪስ ሊገዛ አይገባም። ሒሳቡ ሁሉ ከመጀመሪያው እዚህ ላይ መጀመር ነበረበት። ያለ ውል በቀን የሚቀጠረው ሠራተኛ ግን ይህን የሚጠይቅበት አቅም የለውም፤ በግል የሚያወጣው ገንዘብ የሚጠናው ለእሱ ነው።

ደንቡ የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። ጭቃና ውኃ ውስጥ ለሚውል፣ መኪና ለሚያጥብ ወይም ቦይ ለሚቆፍር ሰው ቆዳ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሲርስ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለእሱ ርካሹ ላስቲክ ቦት ይሻላል፤ ፕላስቲክ በመሆኑም የተቀደደበት በጋለ ብረት ቀልጦ መልሶ ይያያዛል። ለሚያድግ ልጅም ጫማው ከማለቁ በፊት እግሩ ስለሚበልጠው የሁለት ዓመቱ ሒሳብ አይሠራም። ከሁሉ በላይ ግን ስሌቱ በሙሉ ጠጋኙ በአቅራቢያ መኖሩ ላይ የቆመ ነው። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ዋና ዋና መንገዶች ሲታደሱ ብዙ የመንገድ ዳር ሥራ ቦታውን ቀይሯል። ወጣቶቹ ሊስትሮዎችም ጫማ መጥረግን እንጂ ሶል መቀየርን ሁሉም አያውቁትም። በሁለት ዓመት አራት ጊዜ ታክሲ ተሳፍሮ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ የወሩን ወጪ ብዙም ከፍ አያደርገውም። ሶል የሚቀይር ሰው ከጠፋ ግን የ3,000 ብሩ ጫማ ሶሉ ባለቀበት ወር ያልቃል፤ ያም አሥራ ሁለተኛው ወር ቢሆን ለወሩ 250 ብር ይሆናል፣ ከርካሹ ጋርም ያለው ልዩነት ወደ 50 ብር ይወርዳል።